«ሞአ አንበሳ» ላይ የትኛውን መሣሪያ ማን ነው የሚጫወተው?

ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ሞአ አንበሳ» አልበም ስትሰሙ ይበልጥ የሚያምታቱት የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ናቸው። ጌታቸው ቴነር ሳክስ፣ ብሮዲ ዌስት አልቶ ሳክስ፣ ዣቪዬ ሻርል ክላሪኔት፣ ዮስት ባውስ ትሮምቦን ይዘዋል።

ጌታቸው ወዲያው ይታወቃል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ የሐረጉን መጨረሻ በሰፊው ያርገበግበዋል፣ ሽለላውን ከጉሮሮ እንደሚወጣ አድርጎ ይነፋዋል። ጥርጣሬ ከገባችሁ በስፔክትረም ማሳያ (የድምፁን ድግግሞሽ በመስመር በሚያሳይ ፕሮግራም) የዜማውን ዝቅተኛ ኖታ ፈልጉ፦ አልቶ በተለመደው አነፋፍ ከ139 ኸርዝ በታች አይወርድም፣ ቴነር ግን 104 አካባቢ ይደርሳል። የኮሊን ማክሊን ቤዝም እዚያው ስለሚገባ፣ ሳክሱ ብቻውን የቀረበትን ቦታ ምረጡ።

በዚሁ ማሳያ ላይ እያንዳንዱ ኖታ ከታች ወደ ላይ የተደረደሩ መስመሮች ሆኖ ይታያል፤ ክላሪኔት በታችኛው ክልሉ 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛ መስመሮቹ ደምቀው በመካከል ያሉት ይደበዝዛሉ። ሳክስ ላይ ሁሉም ይታያሉ። ትሮምቦን ከኖታ ወደ ኖታ ሳይቆራረጥ ሲንሸራተት መስመሩ ይጎብጣል።

ጊታሮቹ (ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር) ሌላ ጣጣ ናቸው። ሲፋቁና ሲመቱ የካትሪና ቦርነፌልድ ከበሮ ሊመስሉ ይችላሉ። ግራውንና ቀኙን ጆሮ ለየብቻ ስሙ። ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ስታወርዱ ፕሮግራሙ የድምፁን ከፍታ እንዲጠብቅ አድርጉ፤ አለበለዚያ አልቶው ቴነር ሆኖ ያታልላችኋል። በጣም የተጨመቀ ኤምፒ3 ደግሞ ትንፋሹንና የሲምባሉን ጫፍ ስለሚበላ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲዲው ይሻላል።