ጃክ ለካ ሞቷል

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ የመስሪያ ቤት ልጆች ስለ ታይታኒክ ፊልም መጨቃጨቅ ጀመሩ። ያው የታወቀችው ክርክር፣ መርከቡ ከሰጠመ በኋላ ሮዝ የተረፈችባት ሳንቃ ላይ ጃክም መውጣት ይችል ነበር አይችልም ነበር። አንዱ ሮዝ ትንሽ ጠጋ ብትልለት ምን ነበረበት ይላል፣ ሌላው ችግሩ ቦታ አይደለም ክብደት ነው ሁለቱም ይሰጥሙ ነበር ይላል፣ አንዷ ደሞ ስልኳን አውጥታ ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰዎች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገብቶ እንዳስሞከረና ሁለቱም ሊተርፉ የሚችሉበት መላ እንደተገኘ ታነብልናለች። እኔ ሽሮዬን እየጠቀለልኩ ምንም ሳልጨነቅ "ምን ያጨቃጭቃችኋል፣ በኋላ ይተርፍ የለ እንዴ" አልኩ።

ሁሉም ማኘክ አቆሙ።

"ማን?"

"ጃክ ነዋ።"

ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅኩባቸው። ይሄን ፊልም ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ ስለማምን ውርርድ ገባሁ፣ የተሸነፈ ለስድስታችንም ክትፎ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። 1991 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን፣ አምስተኛ ክፍል ነኝ። የታላቅ ወንድሜ ዘመን የአሚታብ ባችቻን ዘመን ነው፣ የኛ ደሞ የታይታኒክ። ደብተር ሽፋኑ ላይ ጃክና ሮዝ፣ ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ጃክና ሮዝ፣ ሰፈር ውስጥ ፀጉሩን እንደ ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ ለሁለት ለመክፈል በቫዝሊን የሚታገል ከርዳዳ ጎረምሳ አይጠፋም። ፊልሙን ያየ ግን አልነበረም። አንድ ቀን የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በር ላይ በጠመኔ ተፃፈ፣ "ዛሬ 8 ሰዓት ታይታኒክ 11 ኦስካር"። ኦስካር ምን እንደሆነ ስላላወቅን አንዱ ልጅ አስራ አንድ አክተር አለው ማለት ነው አለን፣ አመንን። መግቢያ ሌላ ጊዜ 50 ሳንቲም ነው፣ ይሄ ግን ሶስት ሰዓት ከምናምን ስለሆነና ሁለት ካሴት ስለሆነ 1 ብር። ብሯን ከየት እንዳመጣኋት እናቴ እስካሁን ስለማታውቅ እንለፈው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ከተማው ውስጥ የነበረው ታይታኒክ አንድ ኮፒ ብቻ ነው። ባለ ቪዲዮ ቤታችን ከመናኸሪያው ቪዲዮ ቤት ጋር በአክሲዮን ተከራይተውት ኖሯል። እነሱ አንደኛውን ካሴት ሲያሳዩ እኛ ቁጭ ብለን እንጠብቅ? ህዝቡ አግዳሚውን ሞልቶ መሬት ላይ ሁሉ ተቀምጧል፣ ያፏጫል፣ ብሬን መልስ የሚል ጀምሯል። ሰውየው አልተጨነቀም፣ ሁለተኛውን ካሴት አስቀደመልን።

ፊልሙ ሲጀምር ውሃ እየገባ ነው፣ ሰው ይሯሯጣል። ትንሽ ግራ ገባን ግን ከፊት የተቀመጠ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበረ፣ እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ በነፃ ገብቶ የሚተረጉም፣ እሱ ዞሮ "የዘንድሮ ፊልም እንዲህ ነው፣ ግርግር ላይ ነው ሚጀምረው" አለን። ተረጋጋን። መርከቡ ሰጠመ፣ ሰው በብርድ ደረቀ (ለደብረ ብርሃን ልጅ ይሄ ብዙም አዲስ ነገር አይደለም፣ እኛ ጠዋት ሰልፍ ላይ እንደዛ ነው የምንሆነው)፣ ጃክም ሞተና ወደ ታች ገባ። አንዲት አሮጊት መጥታ ያንን አልማዝ ባህር ውስጥ ጣለችው። ከዛ ጃክ ደረጃ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት የሞተው ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ እኛም አጨበጨብን።

የመናኸሪያው ልጅ አንደኛውን ካሴት ሸሚዙ ውስጥ ደብቆ እየሮጠ መጣ፣ ተቀያየሩ፣ ዴኩ ዋጠው። ምን ይታያል? ሰዎች ባህር ስር ገብተው አልማዙን ይፈልጋሉ። ልክ ነዋ! አሮጊቷ አሁን ጥላው የለ! አንዲት ነገር አልጎደለችም። ቀጥሎ ደሞ ጃክ በህይወት ቁጭ ብሎ ቁማር ሲጫወት አየነው፣ ቪዲዮ ቤቱ በፉጨት ሊፈርስ ደረሰ፣ አንዱ "አክተር አይሞትም አላልኳችሁም!" እያለ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። ሮዝን አይቷት ግን አላወቃትም። ተርጓሚያችን "ብርዱ ጭንቅላቱን መቶት ሁሉን ረስቷል" አለ፣ እኛ በህንድ ፊልም ያደግን ልጆች ነን፣ የረሳ አክተር ብርቃችን አይደለም። ሮዝ ከመርከቡ ኋላ ልትዘል ስትል ደሞ ልክ ነች፣ ሀዘኗ አልወጣላትም። እሱ ቀርቧት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መውደቅ እንዴት እንደሚያም ሲነግራት "አያችሁ ትዝ እያለው ነው" አለ ልጁ፣ እውነት እላችኋለሁ ያኔ እንባዬ መጣ።

ሲስላት የነበረውን ቦታ አላየሁም፣ ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን በጋቢው ሸፍኖ ስንት ደቂቃ እንደቆመ ፈጣሪ ይወቀው። ጋቢው ሲነሳ ሮጥ ሮጥ አሉ፣ ወጡ፣ እየሳቁ ተቃቀፉ፣ ሊሳሳሙ ሲሉ መብራት ሄደ። አለቀ። እየዘፈንን ወደ ቤት ገባን።

ከዛ በኋላ ደግሜ አይቼው አላውቅም፣ በደስታ ያለቀ ፊልም ምን ብዬ እደግማለሁ። ሴቶች ታይታኒክን አይተው ሲያለቅሱ የደስታ ነው እያልኩ ስንት አመት ኖርኩ መሰላችሁ። አንዷንማ "አይዞሽ በኋላ ይገናኛሉ" ብዬ አፅናንቻታለሁ፣ ለምን ስልኬን ማንሳት እንዳቆመች አሁን ነው የገባኝ።

ልጆቹ እዛው ላፕቶፕ ላይ ከፈቱልኝ። ሮዝ እጁን ለቃው ሰውየው ወደ ታች ሲገባ ዝም አልኩ፣ አሁን ይወጣል አሁን ይወጣል እያልኩ ስሞቹ በጥቁር ስክሪን እስኪመጡ ድረስ ጠበቅኩ። አልወጣም። ክትፎው የወር ትራንስፖርቴን ይዞ ሄደ፣ አንዱማ ልዩ ይሁንልኝ አለ።

ማታ አላስቻለኝም፣ ያን ቀን አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፣ አሁን አሜሪካ ትራክ ይነዳል። መርዶ በስልክ አይነገርም እንደሚባል አውቃለሁ ግን ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ አልክለት ነገር ሩቅ ነው። መጀመሪያ መኪናውን ዳር አስይዤ፣ ስለ ልጆቹ ጠይቄ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ "ስማ፣ ጃክ እኮ ሞቷል" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና "መቼ?" አለኝ።