"ወደ ሰላሙ ጉዳይ እንመለስ"

ዛሬ ወልድያ ውስጥ የሰላም ውይይት ላይ ዋልኩ። ፊት ለፊት ሽማግሌዎችና ኃላፊዎች፣ ከኋላ ሴቶች። ቡናውንም የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ፦ "ልጄን ውኃ ቅጂ ብዬ ብቻዋን አልልካትም። ቦኖው ጋ መብራት የለም፣ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ያልፋል። አንድ ነገር ብትሆንስ ለማን ትናገር? ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ያሉት ወንዶች ናቸው።"

ሰብሳቢው "እሱ የጸጥታ ነው፣ ወደ ሰላሙ ጉዳይ እንመለስ" አሉ።

ደሜ ፈላ። ታዲያ ሰላም ምንድን ነው? ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰሜኑን ጦርነት ለማስቆም ለፌዴራል መንግሥቱም ለሕወሓትም የፈረሙት ወንዶች ነበሩ። በጦርነቱ በአብዛኛው የተደፈሩት ግን በአማራም፣ በትግራይም፣ በአፋርም ሴቶች ናቸው። የላይቤሪያ ሴቶች በ2003 እ.ኤ.አ. የአገራቸው ጦርነት እንዲያበቃ ነጭ ለብሰው የሰላም ድርድሩ ወዳለበት ጋና፣ አክራ ድረስ ሄደዋል። ተደራዳሪዎቹ ሳይስማሙ እንዳይወጡ የአዳራሹን በር ዘግተው ተቀመጡ። እኛስ ማይክ ለማግኘት እስከ መቼ እንለምናለን?

ስንወጣ የእናቲቱን ስልክ ተቀበልኩ። የቀበሌው የሰላም ኮሚቴ በቅርቡ ይመረጣል። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተነጋግረናል፣ እሳቸውን እንጠቁማለን። እሳቸውም እሺ ብለዋል።