ሰፊ ጎማ ወይስ የፋብሪካው?

ዛሬ ጎማ ልቀይር ወጥቼ ግማሽ ቀኔ በክርክር አለቀ። ጎሚስታው «ሰፋ ያለ አስገባ፣ መሬት ይይዝልሃል፣ ደግሞ ያምራል» አለኝ። ማማሩን አልክድም። ትንሽ መኪና ሰፊ ጎማ ሲገባላት ደረቷን የነፋች ትመስላለች።

የኔ ጎማ ላይ 175/65 አር 14 ይላል። 175 ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። 65 የጎኑ ከፍታ ነው፣ ከስፋቱ 65 በመቶ። 14 ደግሞ የቸርኬው ኢንች። ጣጣው እዚህ ጋ ነው። በዚሁ 65 ላይ ስፋቱን 195 ካደረግነው የጎማው ቁመት ከታች እስከ ላይ በ26 ሚሊሜትር ያድጋል። ያኔ ቆጣሪው 100 በሚልበት ፍጥነት መኪናዋ ወደ 104 ትጠጋለች። መሪ ሙሉ በሙሉ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎ ሊነካም ይችላል። 185/60 ቢሆን ግን የቁመቱ ልዩነት 1 በመቶ አካባቢ ነው። ሰፋ ማድረግ የግድ ለሚለው ሰው እሱ ይሻላል።

ደረቅ አስፋልት ላይ ሰፊው ጥሩ ይይዛል፣ እውነት ነው። ዝናብ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል፣ በተለይ ጥርሱ ካለቀ። ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል፣ መሪም ይከብዳል።

እኔ ደግሞ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነኝ። ኩርባ ላይ ከማን ጋር ልወዳደር? የፋብሪካውን ልክ አስገባሁ፣ ግን ደህና ጎማ መርጬ። ንፋሱንም የሹፌሩ በር ጋ በተለጠፈው ልክ አስሞላሁ። ብዙ ሰው ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ነው የሚያስሞላው። እሱ እኮ የመጨረሻው ጣሪያ ነው!