ሰዉ ሸሽቷል የተባልንበት ፓርክ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ልጆቻችን «ጋሼ» የሚሏቸው፣ በቨርጂኒያ ከሚኖረው ዘመድ ሁሉ የኢኮኖሚ ጉዳይ የሚገባቸው እርሳቸው ብቻ እንደሆኑ አምነው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ባለፈው የፈረንጆች ገና ልጆቹን ይዘን የትልልቅ መዝናኛ ፓርኮች ከተማ ወደሆነችው ኦርላንዶ እንውረድ ሲባል እኔ የትኬቱን ዋጋ አይቼ ፊቴን አጠቆርኩ፤ እርሳቸው ግን «ዋጋው እንዲህ ሲንር ሕዝቡ ይሸሻል፤ ሕዝቡ ሲሸሽ ሰልፉ ያጥራል፤ ስለዚህ የምንከፍለው ለጨዋታው ሳይሆን ለባዶው ቦታ ነው» ብለው አስረዱን። ለጥየቃ ከደብረ ብርሃን የመጣችው እናቴ ብቻ «ባዶ ቦታማ እኛም አገር ሞልቷል፤ ያውም በነጻ» ብላ ዝም አለች።

ከቨርጂኒያ ኦርላንዶ ድረስ በመኪና መንዳት ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ በመሆኑ ጋሼ ሐሳባቸውን በማስረጃ ለማጠናከር በቂ ጊዜ አገኙ። የመዝናኛ ፓርክ ኩባንያው ዲዝኒ በፍሎሪዳ የመጀመሪያውን ፓርክ በ1971 ሲከፍት የአዋቂ መግቢያ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንደነበር፣ ምንም እንኳ ያን ጊዜ ለየጨዋታው ሌላ ትኬት ይቆረጥ የነበረ ቢሆንም፣ በ2015 የአንድ ቀን መግቢያ ከ100 ዶላር በላይ እንደሆነና በ2025 የገና ሰሞን 199 ዶላር እንደደረሰ አንድ በአንድ ነገሩን። እናቴ የፈረንጁን 1971 ወደ እኛው 1964 ቀይራ፣ በዚያ ዘመን አንድ ዶላር በ2 ብር ከ50 ይመነዘር እንደነበር ከጋሼ ከሰማች በኋላ «እንግዲያው 9 ብር እንኳን አይሞላም ነበር» አለች። ብሩ በእኛው ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሚመነዘር የዛሬውን ሒሳብ በልቧ ሠርታ ጨረሰች፤ ውጤቱን ግን ለማናችንም ሳትነግር መቁጠሪያዋን አወጣች።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። ማጂክ ኪንግደም የተባለው የዲዝኒ ፓርክ በኢንዱስትሪው ግምት መሠረት በ2019 ወደ 21 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ ያስተናግድ የነበረ ሲሆን፣ በ2023 ወደ 17.7 ሚሊዮን ወርዷል፤ እንደ እርሳቸው አባባል ይህ ሁሉ ሕዝብ ዋጋ ያባረረው ነው። በመካከሉ ኮሮና መጥቶ ፓርኮቹ ለወራት ተዘግተው እንደነበር፣ ሲከፈቱም ለመግባት ቀድሞ ቀን ማስያዝ ግዴታ ሆኖ እንደቆየና ይህ ግዴታ ለአብዛኛው ትኬት የተነሣው በፈረንጆቹ ጥር 2024 መሆኑን ለማስታወስ ሞከርኩ። በተለይም ከ2018 ጀምሮ የትኬቱ ዋጋ እንደየቀኑ የሚለያይ መሆኑን፣ ማለትም ሰው ይበዛበታል የተባለው ቀን ዋጋው አብሮ የሚሰቀል መሆኑን ጠቅሼ፣ እጅግ ውድ በሆነው ቀን ባዶ ፓርክ መፈለግ በጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ ባዶ ይሆናል ብሎ እንደመጠበቅ ነው አልኳቸው። «አንተ ዝርዝር ውስጥ ትጠፋለህ» ብለው እንቅልፋቸውን ቀጠሉ።

የገባንበትን ፓርክ ስም አልጠራም፤ ከኦርላንዶ ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ጋሼም ስሙ ሲነሣ እስካሁን ያማቸዋል። ገና መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ለማቆም ብቻ እንደገና ከፍለን ስንገባ፣ ከፊታችን የተደረደረውን መኪና ያየው ትንሹ ልጄ «ጋሼ፣ የሸሹት ሰዎች መኪናቸውን ትተው ነው የሸሹት?» ብሎ ጠየቀ። መልስ አላገኘም። በሩ ላይ ደግሞ ባለፈው ክረምት ዐሥር ዓመት የሞላት ልጄ የአዋቂ ትኬት እንደተቆረጠላት እናቴ ስትሰማ፣ የልጅ ዋጋ በዘጠኝ ዓመት ያበቃል ብዬ ባስረዳትም «በመድኃኔ ዓለም፣ ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ያሰርኩላት ናት አዋቂ?» እያለች ከትኬት ተቆጣጣሪው ፊት ልጅቱን በቁመት ታስለካት ጀመር።

ወሩ የነቢያት ጾም ስለነበር እናቴ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ የተቀባ እንጀራ በቦርሳዋ ሞልታ መጥታለች። ምግብ ይዞ መግባት የተፈቀደ በመሆኑ የጥበቃ ሠራተኛው የቆሎውን ከረጢት ከፍቶ፣ አሽትቶ፣ ግራ በመጋባት መለሰላት። እኔ ግን እዚያ ውስጥ ዙሪያዬን ስመለከት የዋጋው ሥራ በትክክል የታየኝ በዚህ በኩል ነው። ሰዉ አልሸሸም፤ ነገር ግን በየአግዳሚው ወንበር ላይ ከቤቱ ያመጣውን ዳቦ የሚገምጥ፣ ልጁን ከአሻንጉሊት ሱቁ በር በእጁ ጎትቶ የሚያሳልፍ፣ ሁለት ቀን ሊቆይ አስቦ አንድ ቀን ያደረገው ቤተሰብ ብዙ ነው። ከአጠገባችን የተቀመጡ የኦሃዮ ሰዎች ይህንኑ ሲያማርሩ እናቴ በአማርኛ አጽናናቻቸው፤ ቆሎም ዘገነችላቸው።

ከዚያ በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል ወደሚወረወረው ባቡር፣ ወደ ታወቀው ሮለር ኮስተር ሄድን። ሰሌዳው የሚጠበቀው ጊዜ 110 ደቂቃ መሆኑን ያሳያል። ከጎናችን ተጨማሪ የከፈሉ ሰዎች ሳይቆሙ የሚያልፉበት መስመር ነበር። ይህ ዓይነቱ መስመር በዲዝኒ ከ1999 ጀምሮ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ያለ ክፍያ ሲያገለግል ቆይቶ በ2021 በገንዘብ ሆነ፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ከሁሉ ውዱ ዓይነት በሰው በቀን እስከ 449 ዶላር ተጠይቆበታል። ከመግቢያው በላይ መሆኑ ነው! እንግዲህ የናረው ዋጋ ሰልፉን አሳጥሮታል ከተባለ፣ ያሳጠረው ሌላ ዋጋ ለጨመረው ነው። ጋሼ ይህንን ስነግራቸው ስልካቸው ላይ የአየር ሁኔታ ማንበብ ጀመሩ።

ሰልፉ መካከል እናቴ «መጣሁ» ብላ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች፤ ልጄም አብራት ሄዳ በር ላይ ስትጠብቃት እናቴ በሌላው በር ወጣች። ስትመለስ ያገኛት ወጣት ሠራተኛ ጣቶቹን እያነሣ ስንት ሰዎች እንደሆኑ ጠየቃት። እናቴ በኋላ እንዳስረዳችን፣ አሜሪካ ውስጥ ስንት ልጆች እንዳሏት የጠየቃት ስለመሰላት አንድ ጣቷን አነሣች። በብዙ ፓርኮች ብቻቸውን የሚሳፈሩ ሰዎች የቀረ ወንበር ለመሙላት የሚሰለፉበት፣ ተጨማሪ ክፍያ የሌለው አጭር መስመር አለ፤ ሠራተኛውም በአክብሮት ክንዷን ይዞ ወደዚያ መራት። እርሷ ደግሞ ግቢውን ዞሮ የሚያሳይ፣ እንደ ድሬዳዋው ያለ ባቡር ስለመሰላት ነጠላዋን አደግድጋ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠች።

እኛ ገና በሰልፉ አጋማሽ ላይ እያለን ከራሳችን በላይ ባቡሩ ቁልቁል ሲወረወር «ኪዳነ ምሕረት! ኪዳነ ምሕረት!» የሚል ድምፅ ሰማን። ጋሼ ቀና ብለው «እዚህም ሐበሻ አለ» አሉ። ልጄ ግን ነጠላውን አወቀችው።

ሰልፋችንን ጥለን መውጫው ጋ ስንደርስ እናቴ፣ አብሯት የተቀመጠው ጎረምሳ አንድ ጆሮውን በእጁ እንደያዘ ደግፏት፣ በጉዞው መካከል ካሜራ በራሱ የሚያነሣው ፎቶግራፍ የሚሸጥበት መስኮት ፊት ቆማ ነበር። በፎቶው ላይ ጎረምሳው ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ እናቴ ዓይኗን ጨፍና በአንድ እጇ መስቀሏን፣ በሌላው የጎረምሳውን ጆሮ ይዛለች። ዋጋው 30 ዶላር ነው ተባለ። «በ15 ስጠን በለው» አለችኝ። ዋጋው የተቆረጠ እንደሆነ ብነግራትም «አንተ ዝም ብለህ ንገረው» ስላለች አፍሬ ነገርኩት፤ ሻጩም በትሕትና እንደማይቻል ገለጸ። በዚህ ጊዜ እናቴ እንደ መርካቶ ደንብ ፊቷን አዙራ ቀስ እያለች መራመድ ጀመረች፤ ተመለሺ የሚላት ባጣች ጊዜ ራሷ ተመልሳ «20 በለው፤ የመጨረሻዬ ነው» አለች። ከኋላችን ሌላ ረጅም ሰልፍ በመፈጠሩና ሰዎቹ ማጉረምረም በመጀመራቸው፣ ጋሼ ማንንም ሳያዩ ካርዳቸውን አውጥተው የሁለት ቅጂ ከፈሉ።