የመጀመሪያዎቹ ኦስካሮች ለሚገባቸው ሰዎች ተሰጥተው ነበር? ፊልሞቹን አይቼ የደረስሁበት

የመጀመሪያዎቹ የኦስካር ተሸላሚዎች ሽልማቱ ይገባቸው እንደሆነ ለመፍረድ የሚነሣ ሰው ከፊልሙ በፊት ቅጂውን፣ ከአሸናፊው በፊትም ደንቡን መመርመር አለበት። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። ከእኔ በኋላ የሚጀምር ሰው እንደ እኔ እንዳይንገላታ ስል የሠራሁበትን መንገድ እጽፋለሁ፤ ዓመታቱን ሁሉ የጠቀስሁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ደንቡን ማወቁ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት ግንቦት 16 ቀን 1929 በሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል ተካሄደ፤ ሽልማቱን ማደሉ የፈጀው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ሲሆን የአሸናፊዎቹም ስም ከሦስት ወር በፊት ታውቆ ነበር። ለውድድር የቀረቡት ከነሐሴ 1927 እስከ ሐምሌ 1928 በሎስ አንጀለስ የታዩ ፊልሞች ነበሩ፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሰጡትም አምስት ዳኞች ናቸው። አንድ ተዋናይ በአንድ ሚና ብቻ ሳይሆን በዓመቱ በሠራቸው ፊልሞች በጥቅሉ ሊሸለም ይችል ስለነበር፣ በዛሬው ደንብ የሚፈርድ ሰው ያልተደረገ ውድድር ላይ እየፈረደ ነው።

በዚያ ዓመት ለፊልም የተሰጡት ከፍተኛ ሽልማቶች ሁለት ነበሩ፤ አንዱን «ዊንግስ»፣ ሌላውን «ሰንራይዝ» ወሰዱ። ሽልማቱን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በኋላ ሁለተኛውን ዘርፍ ሰርዞ በይፋዊ ዝርዝሩ የመጀመሪያው ምርጥ ፊልም «ዊንግስ» ብቻ እንዲሆን አድርጓል። ይህን የዝርዝሩን ክፍል አንባቢ እንዲቀበለው አልመክርም፤ የሽልማቱ ምሽት ላይ ያልነበረ መበላለጥ ከጊዜ በኋላ በወረቀት የተፈጠረ ነውና። «ዊንግስ»ን የመራው ዊልያም ዌልማን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ራሱ ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነው፤ የአየር ላይ ውጊያዎቹም ካሜራ አውሮፕላን ላይ ተገጥሞ በእውነተኛ ሰማይ ስለተቀረጹ እስከ ዛሬ ያስደነግጣሉ። የፍቅር ታሪኩ ግን ደካማ ነው። የዳይሬክተሩ የሙርናው «ሰንራይዝ» ካሜራው ሰውየውን በጨለማ ረግረግ ውስጥ ተከትሎ በሚሄድበት ትዕይንት ብቻ እንኳ ይበልጠዋል። ሁለቱም ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ ከቅጂ መብት ነፃ ስለሆኑ ማግኘቱ አይከብድም፤ «ዊንግስ»ን ግን በ2012 በወጣው የታደሰ ቅጂ ማየት ይሻላል።

ነገሩ የተበላሸብኝ ምርጥ ተዋናይ ላይ ስደርስ ነው። ኤሚል ያኒንግስ የተሸለመው በሁለት ፊልሞች ሲሆን እነርሱም የጆሴፍ ፎን ስተርንበርግ «ዘ ላስት ኮማንድ» እና የቪክተር ፍሌሚንግ «ዘ ዌይ ኦፍ ኦል ፍሌሽ» ናቸው። የመጀመሪያው በሙሉ ተርፏል፤ ከሁለተኛው የቀሩት ግን አጫጭር ቁርጥራጮች ብቻ ናቸው። መጥፋቱን አንብቤ ሳለሁ አንድ የቆዩ ፊልሞች ሻጭ ሙሉው ቅጂ እንዳለው አስታወቀ። የ1927ቱ ፊልም መሆኑን በጽሑፍ ጠየቅሁት፤ እርሱም በጽሑፍ አረጋገጠልኝ። ገንዘቡን ከፍዬ የደረሰኝ ግን በ1940 በዚያው ርዕስ እንደገና የተሠራውና አኪም ታሚሮፍ የሚተውንበት ድምፅ ያለው ፊልም ነበር። ቅሬታዬን ባቀርብ ሻጩ ርዕሱ አንድ ስለሆነ ያጎደለው ነገር እንደሌለ መለሰልኝ፤ ገንዘቤንም አልመለሰም። ያኒንግስ የሌለበትን ፊልም የያኒንግስ ነው ብሎ መሸጥ ምን ዓይነት ንግድ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።

ቁርጥራጮቹን ለማየት ለአንድ የፊልም ቤተ መዛግብት ጻፍሁ። ከረጅም ዝምታ በኋላ የመጣው መልስ የተቋም የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቅ ነበር፤ የተቋም ሰው አለመሆኔን ስገልጽ ደግሞ መልሱ ተቋረጠ። ሕዝብ እንዲያየው ተብሎ የተሠራ ፊልም ከጥፋት የተረፈው ቅንጣት እንኳ ደብዳቤ ላለው ብቻ የሚከፈት ከሆነ፣ ጥበቃው ለማን እንደሆነ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች ሊጠየቁ ይገባል።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው የተለመደ ምክር የጠፋውን ፊልም ከዘመኑ ትችቶችና ፎቶግራፎች ተነሥቶ መገመት ነው። እኔ አልቀበለውም፤ የሐያሲ ጽሑፍ የሌላ ሰው ፍርድ ነው፤ ፎቶግራፍም የቆመ ፊት እንጂ ትወና አይደለም። የማደርገው በተረፈው ፊልም ብቻ መፍረድ ነው። በ«ዘ ላስት ኮማንድ» ያኒንግስ የሩሲያው ዛር ዘመድ የነበረና አብዮቱ ሆሊውድ ውስጥ ተራ አጃቢ ያደረገው ጄኔራል ነው። ጭንቅላቱ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ የጄኔራል ልብስ አልብሰው ካሜራ ፊት ሲያቆሙት ግን የቀድሞው ሥልጣን በአንድ አፍታ ወደ ሰውነቱ ሲመለስ ይታያል። ያኒንግስ በኋላ የናዚ ፕሮፓጋንዳ ፊልሞችን መሥራቱ ትልቅ ነውር ነው፤ ሆኖም በ1928 ለታየው ትወና የሚሰጠውን ዋጋ በዚያ መቀነስ ተገቢ አይመስለኝም። ከመጨረሻ ተፎካካሪው ከሪቻርድ ባርተልሜስ በላይ ይገባው ነበር እላለሁ። የማልቀበለው ቻፕሊን መውጣቱን ነው፤ «ዘ ሰርከስ»ን አካዳሚው ከውድድሩ አስወጥቶ ለቻፕሊን የክብር ሽልማት ሰጠው። ከፍ ባለው ገመድ ላይ ዝንጀሮዎች ሲወሩት ሳቅንና ፍርሃትን በአንድ ሰውነት ያሳየውን ሰው ከውድድር አስወጥቶ ማክበር፣ ለያኒንግስም ሙሉ ድል የነፈገ ውሳኔ ነው።

ጃኔት ጌይነር በምርጥ ተዋናይትነት የተሸለመችባቸው ሦስት ፊልሞች ሁሉም ስለተረፉ በእርሷ ላይ መፍረድ አላስቸገረኝም፤ ይገባታል።

በሚቀጥለው ዓመት ሜሪ ፒክፎርድ በ«ኮኬት» ያገኘችው የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ግን አይገባትም። በሚያዝያ 1930 በተሰጠው በዚህ ሽልማት በይፋ የታወጁ ዕጩዎች አልነበሩም፤ ዛሬ በዝርዝር የምናያቸው ስሞች ዳኞቹ ከመዘኗቸው ሰዎች መዝገብ የተወሰዱ ናቸው። ፒክፎርድ ከአካዳሚው መሥራቾች አንዷ ስትሆን፣ ዳኞቹን ቤቷ ሻይ መጋበዟ በሰፊው ተጽፏል። ግብዣውን ወደ ጎን ትቼ «ኮኬት»ን ብቻ ብመለከትም ትወናዋ ከመድረክ ያልወረደ፣ እያንዳንዱን ስሜት በድምፅ የሚያስታውቅ ነው። ከተመዘኑት መካከል በጥቅምት 1929 ያረፈችው ጄን ኢግልስ ነበረች። በ«ዘ ሌተር» መጨረሻ ባሏ ፊት የምትናዘዝበትን ትዕይንት ከፒክፎርድ የፍርድ ቤት ትዕይንት ጋር በተከታታይ ማየት ይበቃል፤ ሽልማቱ የኢግልስ ነበር።