ከአንፊልድ ርቆ የሊቨርፑል ደጋፊ መሆን

የምደግፈው ክለብ ሊቨርፑል ነው። ሜዳውን አንፊልድን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ በምኖርበት አካባቢም ቅዳሜና እሑድ ሄጄ የምመለከተው ሌላ የሊግ ቡድን የለም። ይህም ሆኖ ከእግር ኳስ ጋር ያለኝ ቁርኝት ከዓመት ወደ ዓመት እየጠነከረ መጥቷልና፣ እንዴት እዚህ እንደ ደረስሁ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወደድሁ።

በስታዲየም አጠገብ የተወለደ ሰው ብዙውን ጊዜ ክለቡን ከወላጆቹ ይወርሳል፤ በሩቅ ያለ ሰው ግን ራሱ መርጦ ይጀምራል፤ ምርጫው ወደ ፍቅር የሚለወጥበት ቀንም አስቀድሞ አይታወቅም። እኔን ደጋፊ ያደረገኝ ድል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018/19 የውድድር ዓመት ሊቨርፑል ካደረጋቸው 38 የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች የተሸነፈው በአንዱ ብቻ ነበር፤ ሆኖም የሰበሰበው 97 ነጥብ ዋንጫ አላስገኘለትም፤ ማንቸስተር ሲቲ 98 ነጥብ ይዞ ቀደመው። ያ ብቸኛ ሽንፈትም የደረሰው በዚያው በሲቲ ሜዳ፣ 2 ለ 1 በሆነ ውጤት ነው። ጨዋታው ገና ያለ ግብ ሳለ የሲቲው ተከላካይ ጆን ስቶንስ ከግብ መስመሩ ላይ ጠርጎ ያወጣት የሊቨርፑል ኳስ ሙሉ በሙሉ ለማለፍ የቀራት ከ12 ሚሊ ሜትር ያነሰ መሆኑን የጎል መስመር ቴክኖሎጂው አሳየ። ያን ምስል ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። ሰው በሌላ ሰው ቡድን ዕድል ያዝን ይሆናል እንጂ እንዲህ አይቆጭም፤ ቡድኑ የእኔ መሆኑን የነገረኝ ይህ ቁጭት ነው።

በዚያው ዓመት ሜይ 7 ቀን፣ በግማሽ ፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ 3 ለ 0 የተረታው ሊቨርፑል አጥቂዎቹ ሞሐመድ ሳላህና ሮቤርቶ ፊርሚኖ ሳይሰለፉ ባርሴሎናን 4 ለ 0 አሸንፎ ወደ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ አለፈ። ደስታው ታላቅ ነበር፤ ግን ቁጭቱ ቀድሞ ሥር ባይሰድብኝ ኖሮ እንዲያ ባላስለቀሰኝ።

ከሩቅ መደገፍ የሚያሳጣው ነገር እንዳለ አምናለሁ። ካሜራው የሚከተለው ኳሷን ነው፤ በሜዳው የተቀመጠ ሰው የሚያየውን ሙሉ አሰላለፍ፣ ኳሷ በአንዱ ክንፍ ሳለች በሌላው ክንፍ ያለው ተከላካይ መቼ መሮጥ እንደ ጀመረ፣ በቴሌቪዥን የሚመለከት ሰው አያገኘውም። ትሬንት አሌክሳንደር-አርኖልድና አንድሪው ሮበርትሰን በዚያ የውድድር ዓመት በሊጉ 12 እና 11 ለግብ የበቁ ኳሶችን ማቀበላቸውን ሳውቅ፣ ከመስመር ተከላካዮች ይህን ያህል እንዴት እንደተገኘ ለመረዳት ያለቁ ጨዋታዎችን እንደገና ማየት ጀመርሁ። አማካዮቹ ወደ ኋላ ቀርተው ክፍተቱን ሲሸፍኑላቸው ያስተዋልሁት ያኔ ነው። ውጤቱን እያወቁ ጨዋታ መመልከት ለብዙዎች አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ከእግር ኳስ የማውቀውን አብዛኛውን ያገኘሁት ከዚህ ነው።

ክለቡ ለ30 ዓመታት ያጣውን የሊግ ዋንጫ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 2020፣ ቼልሲ በሁለተኛነት ይከተለው የነበረውን ማንቸስተር ሲቲን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ስታዲየሞች ለተመልካች ዝግ ስለነበሩ፣ ዕድሜውን ሙሉ አንፊልድ ሲመላለስ የኖረው ደጋፊም የቡድኑን ጨዋታዎች የሚከታተለው እንደ እኔ በስክሪን ነበር። በዚያ ወቅት ራሴን ከእነርሱ ጋር እኩል አድርጌ አልቆጠርሁም፤ ለእኔ ልማድ የሆነው ነገር ለእነርሱ ከባድ እጦት ነበርና፣ ከደስታዬ ጋር አዘኔታም ተቀላቅሎብኛል። ኤፕሪል 27 ቀን 2025 ሊቨርፑል ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸንፎ 20ኛውን የሊግ ዋንጫ ሲያረጋግጥ ግን ጨዋታው በአንፊልድ ነበር፤ ሜዳውም በሰው ተሞልቶ ነበር። በመካከላቸው አለመኖሬ ቅናት አላሳደረብኝም፤ ከአምስት ዓመት በፊት የተነፈጉትን በማግኘታቸው ከልቤ ተደሰትሁላቸው።