መውደቅ ይቅደም፣ መንሸራተት ይደርሳል

ልጆቼን ሮለር ስኬቲንግ ሳስጀምር አብዛኛው ሥራ ያለቀው ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ነው። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ገና አራት። እሷ "ዛሬውኑ እንሂድ" እያለች ትነዘንዘኛለች፤ እሱ ጎማውን ገና ሲያይ ከኋላዬ ይሸጎጣል።

ጫማ ሲገዛ ዋናው ነገር ተረከዝ ነው። "ያድጉበታል" ብሎ ሰፋ ያለ መግዛት እዚህ ላይ አይሠራም። ተረከዝ ጫማው ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል፤ ልጁም "አልችልም" ብሎ ቁጭ ይላል። እግር ሲያድግ ቁጥሩ የሚስተካከል የልጆች ጫማ አለ፤ የሚያዋጣው እሱ ነው። እኔ የመረጥኩት አራቱ ጎማዎች ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ የሆኑትን ነው። ጎማቸው በአንድ መስመር ከተደረደረው ይልቅ እነዚህ ላይ ቆሞ መቆየት ይቀላል። ልጅ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ጫማውም ወደዚያው ይዞራል። ለዚህ አሠራር የፈጠራ መብት ያወጣው ጄምስ ፕሊምፕተን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1863። እስከ ዛሬም የሚሠራው በዚያው መላ ነው።

ሄልሜት የግድ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። የጉልበትና የክርን መከላከያም ብዙ ሰው ያስታውሳል። የሚረሳው የእጅ አንጓ ነው። ሰው ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ይዘረጋል፤ ስኬቲንግ ላይ ከሁሉም በላይ የሚሰበረውም አንጓ ነው። በጀት ከጠበበ ከሚያብረቀርቀው ጫማ ላይ ቀንሱና የአንጓ መከላከያ ግዙ።

ከዚያ ምንጣፍ። መጀመሪያ ያለማመድኳቸው መውደቅን ነው። "ወደቅን!" ስል ጉልበት አጥፎ ዝቅ ማለት፣ ከዚያ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን፣ በመከላከያው ላይ ማረፍ። ወደ ኋላ ብቻ አይሆንም። ከወደቁ በኋላ ጣትን መጨበጥ፤ ሌላ ሰው በጎማው እንዳይረግጣቸው። ጨዋታ ስለመሰላቸው ሳቁ በሳቅ ሆነ። የሚወድቅ ሁሉ የሚጎዳ እንዳልሆነ ገላቸው አወቀው፤ በአፍ ብነግራቸው ማን ይሰማኛል?

መነሳቱ ግን ትንሹን አስቸገረው። ተንበርክኮ አንድ እግሩን ያወጣል፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ሊነሳ ሲል ጎማው ይሄድበታል። እጄ ሊያነሳው ይቁነጠነጣል፤ እጄን ግን ያዝኩት። እንደገና ተንበረከከ። ጫማው ጫፍ ላይ ያለችውን የላስቲክ ፍሬን ወለሉ ላይ ተከላት። አሁን የኋላ እግሩ አልሄደም። ተነሳና ዞር ብሎ አየኝ፣ "አየኸኝ?" በሚል ዓይን።

ያንን ማንም አላሳየውም። ለዚህ ነው የወላጅ እጅ ላይ ጠንከር የምለው። ልጅን ብብቱን ይዞ ወይም እጁን ወደ ላይ ጎትቶ መንዳት ደግ ይመስላል። ግን ልጁ ክብደቱን በሙሉ እኛ ላይ ይጥላል፣ እግሩ ከፊት ይሸሻል፣ በመጨረሻ ሁለታችሁም መሬት ናችሁ። እኔ ተራ ጫማ አድርጌ ጎን ለጎን እሄድ ነበር። መያዝ ከፈለገ እጄን በወገቡ ልክ ዝቅ አድርጌ እዘረጋለታለሁ፤ ይይዘኛል እንጂ አልይዘውም። እየገፉ የሚሄዱበት ድጋፍም አለ። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ልጁ ተደግፎ መጎንበስን ይለምዳል።

ሜዳ ላይ ስንወጣ መሄድ እንጂ መንሸራተት አላልኩም። ተረከዝ ገጠም፣ ጣት ከፈት፣ ጉልበት አጠፍ አድርጎ እንደ ዳክዬ መራመድ። መንሸራተቱ ሳይጠራ በራሱ ይመጣል። ትልቋ እግሯን እያየች ስትንገዳገድ "ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እዪ" አልኳት፤ ወዲያው ቀጥ አለች። ቦታው ለጥ ያለና የተጠረገ ይሁን፤ ትንሽ ጠጠር ትንሽ ጎማን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ለደጅ ለስላሳ ጎማ፣ የጥንካሬ ቁጥሩ 78ኤ አካባቢ የሆነ፣ ንዝረቱን ይቀንሳል። ለአዳራሽ ጠንከር ያለው ይሻላል።

አንድ ዘዴ ደግሞ ልጨምር። ለትንሹ የጎማዎቹን ዳዶ በቁልፍ ጠበቅ አደረግኩለት። ጎማው ይዞራል፣ ግን አይፈጥንም። ሲለምድ ማላላት ነው። ጭራሽ መዞር ካቆመ በዝቷል፤ ኩሽኔታውንም ይጎዳል።

የማቆሚያ ሰዓት ከልጁ አፍ አትጠብቁ። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ መዘንበል ከጀመረ ደክሞታል። "አንዴ ብቻ" የምትለዋ የመጨረሻ ዙር ናት ብዙ ጊዜ የምታስለቅሰው።

ትልቋ አሁን ወደ ኋላ መንዳት ካልተማርኩ እያለች ነው። ወደ ፊት እየሄደች በራሷ ፍሬን በደንብ እስክትቆም አልፈቀድኩላትም። ትንሹ ግድግዳውን ገና አልለቀቀም፤ እኔም ልቀቅ አላልኩትም።